እርሳስና ካድሚየም ያለበትን የጓሮ አፈር በተክልና በባክቴሪያ ማጽዳት ይቻላል?

አዌቱ_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ 100 ካሬ ሜትር የሚሆን የአትክልት ቦታ አለን። ከበላዩ ድሮ ባትሪ የሚፈታበትና መኪና የሚቀባበት ጋራዥ ነበር። አፈሩ ሲመረመር በአንድ ኪሎ ውስጥ እርሳስ (ሊድ) 400 ሚ.ግ፣ ካድሚየም 3 ሚ.ግ ተገኘ፤ ፒ ኤቹ (የአሲዳማነት ልኩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.1 ነው። እስካሁን የሚዘራው ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ነው። ሱፍና ጎመንዘር ዘርቼ፣ ኢኤም (የረቂቅ ተሕዋስያን ድብልቅ ፈሳሽ) እየረጨሁ፣ ዳር ዳሩን ቬቲቨር ሣር ተክዬ በሁለት ሦስት ክረምት አጸዳዋለሁ ብዬ ነበር። ያዋጣል?

የአፈር_ሰው፦
ወንድሜ፣ ሒሳቡን እንሥራው። ቦታህ በ20 ሴ.ሜ ጥልቀት 24 ቶን ያህል አፈር ነው፤ በውስጡ 9.6 ኪሎ እርሳስ አለ። ጎመንዘሩ በአንድ ወቅት 100 ኪሎ ደረቅ ተክል ቢሰጥህና እያንዳንዱ ኪሎ 100 ሚ.ግ እርሳስ ቢይዝ (ይህም በዝቶ ነው፤ እርሳስ ሥር ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ቅጠል ብዙ አይወጣም) የምታወጣው 10 ግራም ነው። ወደ 100 ሚ.ግ ለማውረድ ከ700 ወቅት በላይ ይፈጃል። ካድሚየሙ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ወደ 1 ሚ.ግ እስኪወርድ 50 ወቅት ገደማ ነው። ኢዲቲኤ የተባለውን ኬሚካል ጨምር የሚልህ ካለ እሺ አትበል፤ እርሳሱን ያሟሟዋል፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ይዞት ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል።

ስለዚህ ማውጣቱን ተወውና እንዳይሟሟ አድርገህ እዚያው አፈሩ ውስጥ እሰረው። መጀመሪያ ያልተቃጠለ የተፈጨ የከብት አጥንት በካሬ ሜትር 1 ኪሎ በትነህ 20 ሴ.ሜ ድረስ ከአፈሩ ጋር አገላብጥ። ፎስፌቱ ከእርሳሱ ጋር ተዋሕዶ ፓይሮሞርፋይት የተባለ በቀላሉ የማይሟሟ ማዕድን ይሠራል። አጥንት የሚሟሟው አሲዳማ አፈር ላይ ስለሆነ ኖራውን አታስቀድም፤ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አፈሩን እርጥብ አድርገህ አንድ ወር ካቆየኸው በኋላ በካሬ ሜትር 300 ግራም የግብርና ኖራ፣ ቀጥሎ 5 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት ጨምር። የግንባታ ኖራ አይሁን፣ ኃይለኛ ነው። ፒ ኤቹን 6.5 ላይ አቁመው፤ ከ7 ካለፈ ተክሉ ብረትና ዚንክ ያጣል።

ቅጠላ ቅጠሉንና ካሮቱን ከዛሬ ጀምሮ አቁም። ቅጠል ላይ የተለጠፈ እርሳስ በእጥበት ይቀንሳል፤ ካድሚየም ግን ውስጥ ገብቷል፣ ብታጥበው አይወጣም። በቆሎ፣ ቲማቲምና ቦሎቄ ይሻላሉ።

ሥር_ሰደድ፦
በማሰሩ እስማማለሁ፤ ስለ ኢኤሙ ልጨምር። ባክቴሪያ ናፍጣና ዘይት በልቶ ሊጨርስ ይችላል። እርሳስና ካድሚየም ግን ኤለመንቶች ናቸው፣ አይፈርሱም፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ያሟሟቸዋል ወይም ያስሯቸዋል፣ በቃ። በሞላሰስ የፈላ ኢኤም ደግሞ ፒ ኤቹ 3.5 አካባቢ ነው። አዘውትራችሁ ብትረጩት በኖራ ያሰራችሁትን ካድሚየም መልሳችሁ ትፈታላችሁ።

የሚረዳችሁ የሥር ፈንገሱ ማይኮራይዛ ነው፤ ብዙ ጊዜ እርሳሱንና ካድሚየሙን ሥር ላይ ያስቀራቸዋል። በቆሎና ቦሎቄ ያስተናግዱታል። ጎመንዘርና ዘመዶቹ አይቀበሉትም፣ ስለዚህ እነሱን ከማይኮራይዛ ጋር ማጣመር ከንቱ ድካም ነው።

ቬቲቨር አፈሩን አያጸዳም፤ አፈሩ ታጥቦ አዌቱ እንዳይገባ ግን ይይዘዋል። በታችኛው ጠርዝ፣ ሰኔ ሲገባ፣ ሥሩን 10፣ ቅጠሉን 20 ሴ.ሜ አሳጥራችሁ፣ ሁለት ሦስት ቡቃያ በአንድ ላይ፣ ከ10–15 ሴ.ሜ አራርቃችሁ ትከሉ። አንድ ችግኝ ከደረቀ ወዲያው ተኩበት፤ ጎርፍ በዚያች ክፍተት ሰብሮ ያልፋል። ታች ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ካለ አታድርቁት። አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ካድሚየምን በሰልፋይድ ያስሩታል፤ ሲደርቅ ይለቀቃል።

አዌቱ_ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ያለውን ጎመን ነቅዬ ኮምፖስት ላድርገው? ወይስ ላቃጥለው?

የአፈር_ሰው፦
ሁለቱንም አታድርግ። ኮምፖስቱ እርሳሱንና ካድሚየሙን ወደዚያው አፈር ይመልሳቸዋል። ሲቃጠል ደግሞ ካድሚየም ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ የቀረው አመድ ላይ ይጠራቀማል። ለከብትም አይሰጥ። በማዳበሪያ ከረጢት አጭቀህ ከአትክልት ቦታና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ ወደሚጣልበት ስፍራ ይሂድ።

ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ስታስመረምር በዲቲፒኤ (ላብራቶሪ በሚጠቀምበት ማሟሚያ ኬሚካል) የሚሟሟውን መጠንና ፒ ኤቹን ጠይቅ። ጠቅላላው እርሳስ ያኔም 400 አካባቢ ይሆናል፤ መቀነስ ያለበት የሚሟሟው ነው። ናሙናውን ከ10–15 ቦታ በፕላስቲክ ወይም በማይዝግ ብረት አውጥተህ ቀላቅለው፤ ጋልቫናይዝድ ባልዲ ዚንክ ይጨምርበታል። ፒ ኤቹ ከ6 በታች ከወረደ ኖራውን ድገም፤ በእኛ ዝናብ መውረዱ አይቀርም።