ሎሱ ወርዷል፣ ትንበያው ግን ከኋላ ይጎተታል፤ ድረሱልኝ!

ሌሊት_ኮድ፦ ነገ ጠዋት ላቀርበው ነው። የትራፊክ ፍጥነት የሚተነብይ ኤልኤስቲኤም (ተከታታይ ዳታ የሚማር ኒውራል ኔትወርክ) በሜትር-ኤልኤ ዳታ (የሎስ አንጀለስ ፈጣን መንገዶች ሴንሰሮች የመዘገቡት ፍጥነት) አሰልጥኜ ሎሱ (በስልጠና የሚለካው ስህተት) ጥሩ ወርዷል። ግራፉ ላይ ግን ፍጥነቱ ከ60 ወደ 20 ማይል በሰዓት ሲያሽቆለቁል የእኔ መስመር ዘግይቶ ነው የሚከተለው። የመቶኛ ስህተቱ ደግሞ ኢንፊኒቲ ይላል። ሁለት ሌየር (ንብርብር) ነው ያለው፤ አራት ላድርገው ወይስ ወደ ትራንስፎርመር (ሌላ ዓይነት ሞዴል) ልሻገር?

ቀይ_መብራት፦ ነዳጅ ላለቀበት መኪና ሞተር መቀየር ሃሃሃ

ማገናኛ፦ ለሞዴሉ እያንዳንዱን ሴንሰር ለብቻው ነው የምታሳየው? መጨናነቅ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፤ በፈጣን መንገድ ላይ ማዕበሉ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይጓዛል። ሴንሰሩ ከፊቱ ያለውን ጎረቤቱን ካላየ፣ መጨናነቁ ራሱ ላይ እስኪደርስ ምንም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የትራፊክ ትንበያ ሞዴል ዲሲአርኤንኤን የዚህን ዳታ 207 ሴንሰሮች አቅጣጫ ባለው ግራፍ (የግንኙነት መረብ) ያያያዛቸው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ግራፍ ከጨመርክ የማትሪክሱ (ሴንሰሮቹን የሚያያይዘው ሰንጠረዥ) ረድፍ ከዳታው ዓምድ ቅደም ተከተል ጋር መግጠሙን አረጋግጥ፤ ቢዛባም ኮዱ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ይሠራል።

ባዶ_ሴል፦ ከሌየሩ በፊት ዜሮዎቹን ተመልከት። በዚህ ዳታ 0 ማለት ሴንሰሩ አልመዘገበም ማለት ነው እንጂ መኪናው ቆሟል ማለት አይደለም። ኢንፊኒቲው ለዜሮ ስታካፍል የመጣ ነው። ማስክ አድርጋቸው (ስህተቱ ሲሰላ እንዳይቆጠሩ ሸፍናቸው)።

ሌሊት_ኮድ፦ ማስክማ አለኝ፤ ሎሱ ውስጥ ዜሮ የሆነውን ዝለል ብዬዋለሁ።

ባዶ_ሴል፦ ኖርማላይዝ ከማድረግህ (አማካዩን ቀንሰህ ለስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ከማካፈልህ) በፊት ነው በኋላ? አማካዩ 54፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ (የስርጭቱ መለኪያ) 20 ቢሆን ዜሮው −2.7 ይሆናል፤ ማስክህ አያገኘውም። ጭራሽ የሚዘለው ልክ አማካዩ ላይ ያረፈውን ጤነኛ ቁጥር ነው። ማስኩን ከጥሬው ዳታ ሥራው። አማካዩንም ከማሰልጠኛው ክፍል ብቻ፣ ዜሮ ካልሆኑት አስላ። ስህተቱን የምትለካው ትንበያውን ወደ ማይል በሰዓት መልሰህ ነው። ግብአቱ ላይ ያለውን ክፍተት ቀድሞ በታየው የመጨረሻ ፍጥነት ሙላ፤ ከግራና ከቀኝ አማክለህ ከሞላህ ወደፊቱን አሾልከህ አሳየኸው ማለት ነው።

ስድስት_ሰዓት፦ ወንድሜ ዜሮዎቹን ማስክ አድርጋቸው።

ቀይ_መብራት፦ ተብሏል እኮ

ጥግ_ያዥ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። "ሎሱ ወርዷል" ምን ይነግረናል? የመጨረሻውን የታየ ፍጥነት ዝም ብለህ ቅዳና እንደ ትንበያ ቁጠረው። ከዚያ ከሞዴልህ ጋር በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው እርምጃ ለየብቻ አወዳድር፤ እርምጃው 5 ደቂቃ ስለሆነ 15፣ 30 እና 60 ደቂቃ ማለት ነው። አማካዩን ብቻ ካየህ ቅርቡ ሩቁን ይሸፍንልሃል። በ60 ደቂቃ እንኳ ቅጂውን ካልበለጠው ሞዴልህ እየኮረጀ ነው። መስኮቶቹን (ተከታታይ የጊዜ ቁራጮቹን) በውዘህ ከሆነ የከፈልከው ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጎረቤት መስኮቶች ከ12 ግብአት 11ዱን ይጋራሉ። በጊዜ ቅደም ተከተል ለማሰልጠኛ፣ ለማረጋገጫና ለመፈተኛ 70/10/20 በመቶ ክፈለው።

ሌሊት_ኮድ፦ በውዤ ነው የከፈልኩት... እንደገና እያሰለጠንኩ ነው።

ማገናኛ፦ ያየኸው ግራፍ የ15 ደቂቃው ነው የ60? የቀኑን ሰዓትስ እንደ ግብአት ሰጥተኸዋል?