ድራኩላ ቤላን በላው ወይስ አበላው?

ባለ ቪዲዮ ቤቱ፦ ትናንት ማታ ሸዋ በር መብራት ጠፍቶ ቡና ላይ የጀመርነውን ክርክር እዚህ ላምጣው። ተዋናዩን ቤላ ሉጎሲን፣ በ1931ዱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ደም መጣጩን ድራኩላን የሆነውን ማለቴ ነው፣ ያጠፋው ገፀ ባህሪው ነው ወይስ ራሱ? እኔ ራሱ ነው ባይ ነኝ።

የጦሳ ጉም፦ ኧረ በአላህ! ሰውዬው እኮ ከሀንጋሪ የሄደ ስደተኛ ነው። ከ1927 ጀምሮ ኒውዮርክ፣ ብሮድዌይ ቲያትር መድረክ ላይ ድራኩላን ድራኩላ ያደረገው ያ ከባድ ቅላጼው ነው፤ ሌላውን በር ሁሉ የዘጋበትም እሱው። አዲስ አበባ ድራማ ላይ የወሎ ቅላጼ ላለው ሰው ምን ይሰጡታል? ወይ ዘበኛ፣ ወይ ከገጠር የመጣ ዘመድ።

ባለ ቪዲዮ ቤቱ፦ የፍራንከንስታይን ፊልሙ ጭራቅ፣ ያ ፍጡርስ? መጀመሪያ ለእሱ ነበር የታሰበው። ንግግር የለውም ብሎ ናቀው ይባላል፤ ቦሪስ ካርሎፍ ወስዶ ስሙን ተከለበት። ቤላ በ1943 ያንኑ ፍጡር ሆኖ ሲመጣ የተናገረውን ሁሉ ቆርጠው ጣሉበት። የናቁት ወንድ ያስረግዛል 😂

ጡረተኛው፦ አፍህን ሰብሰብ አድርግ፣ እዚህ እናቶች አሉ።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ ልናገር፣ ደርሶብኛል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን ድራማ ቡዳ ሆኜ ተጫወትኩ። ፊቴን ከሰል ቀቡኝ፣ የአያቴን ጋቢ ደረቡልኝ፣ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ሕፃን ሳቅፍ እናቶች እየሳቁ ከእጄ ይቀበሉኛል። መሳቁን ይስቃሉ፤ ግን ይቀበሉኛል። አንዷማ ለልጇ አንገት ላይ ጤና አዳም አስራለት አየኋት። ለአንድ ቀን ድራማ! ቤላስ ስንቴ ድራኩላ የሆነ ይመስላችኋል? በረጅም ፊልም ሁለቴ ብቻ፣ በ1931 እና በ1948፤ ሁለተኛው ደግሞ ኮሜዲ ነው።

ጡረተኛው፦ የበላውስ ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ፣ ዩኒቨርሳል ነው። ለመጀመሪያው ፊልም የከፈሉት 3,500 ዶላር ገደማ ነው። ከሞተ በኋላ ልጁና ሚስቱ «ዩኒቨርሳል የቤላን መልክ ለነጋዴ እያከራየ ነው» ብለው ከሰሱ፤ ታች ተፈረደላቸው። በ1979 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን መልክን መሸጥ የባለቤቱ መብት ነው፣ በሕይወት ሳለ ካልተጠቀመበት ወራሽ አያገኘውም ብሎ ሻረው። ለወራሾች የሚያደላ ሕግ የመጣው በ1985 ነው፤ ለእነሱ ምን ይረባል! ሃምሳ ዓመት በፍርድ ቤት ደጅ ስመላለስ እንዲህ ያለ ውርስ አላጋጠመኝም፤ መሬት ቢሆን ኖሮ በገባኝ።

ባለ ቪዲዮ ቤቱ፦ ሞርፊኑንስ ስቱዲዮው ነው የወጋው?

የጦሳ ጉም፦ ሐኪም ነው ያስጀመረው፣ ለእግሩ ነርቭ ሕመም። በ1955 ደግሞ ማንም ሳይጎትተው አድኑኝ ብሎ ሆስፒታል ገባ። ያኔ ይህን በአደባባይ የሚል ተዋናይ ጥራልኝ እስቲ።

ባለ ቪዲዮ ቤቱ፦ እሺ። በ1956 ሲሞት ግን በድራኩላ ካባ ነው የተቀበረው። የጠላው ነገር ከሆነ መቃብር ድረስ ምን አስከተለው?

ሰኞ ገበያ፦ ያለበሱት ልጁና የቀድሞ ሚስቱ ናቸው። እሱን ማን ጠየቀው?

ባለ ቪዲዮ ቤቱ፦ ይቺን አላውቅም ነበር፣ ተረታሁ። ብቻ ያቺ ጤና አዳም ያሰረችው ሴትዮ ማን ናት? ንገሪኝ በናትሽ።

ሰኞ ገበያ፦ ትናንት ማታ ቡና ያፈላችላችሁ።