እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ዝም አለች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ቢገባኝ ነው የጻፍኩት። የምንኖረው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ሁለት ዓመት ሆነ። ዳገት ቁልቁለቱ ሲከብዳት መጀመሪያ ገበያ ቀረች። ከዚያ ለቅሶ ቤት። አሁን ጎረቤት ቡና ሲጠራት እንኳ «እናንተ ጠጡ» ትላለች። እሷ እኮ ዱዓው ሳይደረግ፣ በረካው ሳይጠጣ ከረከቦቱ ሥር የማትነሳ ሰው ነበረች!

ሌሊት አትተኛም። ምግብም አስጠልቷታል። «ምን ከፋሽ?» ስላት «ጉልበቴ ነው እንጂ ምን ሆኜ» ነው መልሷ። ሐኪም ቤትም የምትናገረው ስለ ጉልበቷ ብቻ ነው፤ ማስታገሻ ተጽፎልን እንመለሳለን።

ነርስ የሆነች ጓደኛዬ አንድ ነገር ነገረችኝ። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ድብርት ብዙ ጊዜ «አዘንኩ» ብሎ አይመጣም፤ በሕመም፣ በድካም፣ በእንቅልፍ እጦት ነው የሚታየው። ሕመሙ ቤት ያስቀራል፣ ቤት መዋሉ ጡንቻን ያደክማል፣ ያ ደግሞ ሕመሙን ያብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። እሺ፣ ግን የኛን ሰፈር ዳገት ማን አይቶት?

ወላጁን ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚሠራ እንቅስቃሴ ያስጀመረ አለ? እንዴት እሺ አሰኛችኋቸው? የድብርቱን ነገርስ እሷ ፊት ለሐኪሙ እንዴት ላንሳው? «አበድሽ» ያልኳት እንዳይመስላት ፈርቻለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው።