ክርክር፦ ድሬዳዋና ጎረቤቶቿ መሬታቸውን አብረው ያቅዱ ወይስ እያንዳንዱ ለየብቻው?

ጡረተኛ ቀያሽ፣ ከከዚራ፦
ጥያቄዬ ይህ ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር፣ ከደቡብ የሚያዋስኑት የምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎችና ከሰሜን ያለችው የሶማሌ ክልሏ ሽንሌ የመሬት አጠቃቀም ዕቅዳቸውን ተቀምጠው በአንድነት ያውጡ ወይስ እንደ ዛሬው ሁሉም ለየራሱ? እኔ አብረው ያውጡ ባይ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በቅየሳ ነው። ካርታ ስናነሣ የአስተዳደሩ ወሰን ላይ ስንደርስ እናቆም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ነጭ ነው። የደቻቱ ወንዝ ግን የሚመጣው ከዚያ ከነጩ በኩል ነው። ደንገጎ አካባቢ ካሉት ተራሮች ይነሣል፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችውን ከተማችንን ከዚራና መጋላ ብሎ ይከፍላታል፣ ከዚያም ወደ ሽንሌ ሜዳ ይወርዳል። ዳገቱ እርከን ይኑረው አይኑረው የሚወስነው አንድ ምክር ቤት፣ ከወንዙ ዳር ቤት እንዲሠራ የሚፈቅደው ሌላ፣ የወረደውን ሁሉ የሚቀበለው ሦስተኛ ነው። ሦስቱም አንድ ካርታ ላይ ዓይናቸውን አሳርፈው አያውቁም።

የአርሶ አደር ልጅ፣ ከሐረማያ ወረዳ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ እቃወምዎታለሁ። «አብረን እናቅድ» የሚለውን ቃል ሰምተነዋል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲመጣ የተነገረው ይኸው ነበር፦ መንገዱ፣ ውሃው፣ ቆሻሻው በአንድነት ይታሰብ። አርሶ አደሩ የሰማው ግን መሬቱ ሊሄድ መሆኑን ነው። ተቃውሞው በ2006 ተነሣ፣ በ2008 ዳግም ተቀጣጠለ፣ ስንት ሰው ካለቀ በኋላ በጥር 2008 ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። እርስዎ ቅን ሰው እንደሆኑ አልጠራጠርም። ነገር ግን ከተማና ገጠር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ እኩል አይቀመጡም። ከተማው መሐንዲስና በጀት ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ወረዳ ተወካይ ደግሞ ተዘጋጅቶ የቀረበለትን ካርታ ያያል። አባቴ ዳገት ላይ ባለች ቁራጭ መሬት ጫትና ማሽላ እያፈራረቀ አሳድጎናል። ያ መሬት በእናንተ ካርታ ላይ «የጎርፍ መነሻ» ተብሎ በአረንጓዴ ቀለም ሲቀባ ማን ይጠይቀዋል?

እናት፣ ከደቻቱ ዳር፦
ልጄ፣ የአባትህን ነገር ይገባኛል። የእኔንም ስማ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይባላል፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ የመጣብን ውሃ ግን አላሳሳቀም። ሌሊት ነበር። እኛ ሰፈር ዝናቡ ያን ያህል አልነበረም፤ የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ድምፁን ሰምተን ስንወጣ ግድግዳው እየሄደ ነበር። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚያ ውስጥ ቡና አብሬያቸው የምጠጣ ጎረቤቶቼ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ግንብ የሚሠራው ታች ነው፤ ውሃው ጉልበት የሚያገኘው ላይ። ዛሬም ሰማዩ ወደ ደንገጎ ሲጠቁር ልጆቼን እቆጥራለሁ። እንግዲህ ማን ከማን ጋር ያቅድ የሚለውን እናንተ የተማራችሁት ተከራከሩበት፤ እኔ የምፈልገው ላይ ያለው ሰው እኛ ታች እንዳለን እንዲያውቅ ነው።

መምህር፣ ከሐረር፦
ሁለቱም የሚሉት እውነት አላቸው፤ እኔ ግን ወደ አብሮ ማቀዱ አደላለሁ። ምክንያቴ የሐረማያ ሐይቅ ነው። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ነበር። ከተማው ይስብ ነበር፣ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስብ ነበር፣ ከዳገቱ የተሸረሸረው አፈር ደግሞ ሐይቁን ይሞላው ነበር። ሁሉም መብቱን ተጠቀመ፤ ጠቅላላውን የቆጠረ አንድም አካል አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። በኋለኞቹ ዓመታት ውሃው መመለሱ ደስ ቢያሰኝም ያኔ ጀሪካን ይዘን የተሰለፍንበትን አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ለሐረር የደረሰላት ከድሬዳዋ ቆላ የተቆፈረ ውሃ ነው፤ በቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ፣ የኦሮሚያን ቀበሌዎች አቋርጦ ይመጣል። እንግዲህ ሦስት አስተዳደሮች ቧንቧ ለመዘርጋት መስማማት ከቻሉ፣ ቧንቧው የሚቀዳበት መሬት ላይ ምን ይሠራ በሚለው መስማማት ለምን ያቅታቸዋል? ጉድጓዱ ዙሪያ ፋብሪካና መጸዳጃ ከተከመረ በኋላ መሰብሰብ ዋጋ የለውም።

አርብቶ አደር ቤተሰብ ያለው፣ ከሽንሌ፦
ስማችን በጥያቄው ላይ አለ፤ በመልሶቻችሁ ላይ የለም። ጎርፉ ከተማውን ካለፈ በኋላ የት የሚደርስ ይመስላችኋል? ፌስታሉን ፍየሎቻችን ይበሉታል። ግመሎቻችን ወደ ውሃ የሚወርዱበት መንገድም በየጊዜው ይታጠራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርሶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይነቀል እንደተጠበቀለት ሁሉ አርብቶ አደሩም ከግጦሹ እንዳይፈናቀል ተጠብቆለታል። ስብሰባ ካለ እንመጣለን፤ ለፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ ግን አንመጣም።

ጡረተኛው ቀያሽ፦
ወንድሜ ከሽንሌ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሦስተኛ ብዬ ጠቅሼህ አለፍኩ። የሐረማያው ልጅም ከአቋሜ አንድ ነገር አስጥሎኛል። «አንድ ዕቅድ» ማለቴን አንሥቻለሁ። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ለከተማው መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው መሬት ለምን እንደሚውል የሚያሳይ ዕቅድ፣ ያዛል፤ ወሰኑ እንዳለ ይቆይ፣ መሬቱንም እያንዳንዱ ራሱ ያስተዳድር። አብረው የሚወስኑት የውሃውን መንገድ፣ የዳገቱን እርከንና ጎርፍ የሚገታ ክትር፣ የጉድጓዶቹን ዙሪያ እና የከብቱን መተላለፊያ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱ ምክር ቤት ለብቻው ያጽድቀው፤ አንዱ እምቢ ካለ አይሠራ። በ2013 የወጣው የፌዴራልና የክልል መንግሥታት ግንኙነት አዋጅ ለእንዲህ ያለው ምክክር በር ከፍቷል። ዳገቱን ለሣር የሚለቅ ገበሬ ደግሞ የሚያጣውን የጫት ገቢ ታች ያለው ከተማ በየዓመቱ ይክፈለው። የምንገዛው የራሳችንን እንቅልፍ ነው።

የአርሶ አደሩ ልጅ፦
በየዓመቱ ያሉት፣ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚረሳ ካሳ አይደለም ማለትዎ ከሆነ፣ ይህን ከከተማ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ክፍያው ቢቋረጥ ገበሬው ማረሱን መቀጠል እንደሚችልም ይጻፍበት። እትዬ፣ እርስዎ ያሉትን ለአባቴ ነግሬዋለሁ፤ ዝም ብሎ ቆየና «ውሃው እንዲያ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር» አለኝ። እኔ ግን አሁንም አልፈረምኩም። ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተጽፎ እስከ ቀበሌ ይውረድ፤ ካርታውም ከሥሩ የእያንዳንዱ ማሳ ባለቤት ስም ሰፍሮበት ይምጣ። አባቴ ስሙን ካገኘበት ከእኔ ጋር መከራከር አያስፈልጋችሁም፤ ከእሱ ጋር ትነጋገራላችሁ።