የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ሽምብራ ብቻ ወይስ አራቱም ጥራጥሬ?

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልን፣ ውድ አባላት። ጥራጥሬን በላብራቶሪ ጂን አስገብተን ለማሻሻል የምናቀርበው ፕሮፖዛል ረቂቅ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላና ጓያን አንድ ላይ ይዟል። ሐሳባችሁን ስጡበት።

የቲሹ ካልቸር ባለሙያ፦
አራቱን አንችልም፤ ሽምብራን ብቻ እንያዝ። ፍሬውን የሚበሳውን ጓይ ትል የሚቋቋም ጂን በሌሎች ዘንድ ተሞክሯል። የሚያስቸግረን ጂኑ አይደለም። ጂኑን የተቀበለው ሴል ሙሉ ተክል ሆኖ መውጣቱ ነው ጭንቁ።

ሥራውን በቅርብ ላላያችሁ፦ ዘሩ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል። ልጣጩ ተገፎ ለሁለት ይከፈላል። ከጽንሱ፣ ማለትም ዘሩ ውስጥ ካለው ለጋ ተክል፣ የሥሩና የቡቃያው ጫፍ በስለት ይቆረጣል፤ ከዚያ ጂኑን ወደ ሴሉ በሚያስገባው ባክቴሪያ፣ አግሮባክቴሪየም ውስጥ ይነከራል። ሆርሞን ሲያገኝ ቡቃያ በብዛት ያወጣል። ካናማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ስንጨምርበት ጂኑ የሌለው ይነጣል። አምልጦ አረንጓዴ የሚቀርም ስላለ ጂኑ መኖሩን በሚያሳየው የላብራቶሪ ምርመራ፣ በፒሲአር ማጣራት ግድ ነው። የተረፈው ደግሞ ሥር አላወጣም ብሎ ያስለቅሳል! ስለዚህ ቡቃያውን ከታች በሽብልቅ ቅርጽ ጠርበን፣ በለጋ የሽምብራ ችግኝ ግንድ ስንጥቅ ውስጥ እንሰካዋለን። ግራፍቲንግ ነው፣ አቮካዶ ላይ እንደሚደረገው። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ለዚህ ይዋል።

የጓያ ተመራማሪ፦
ጓያ መውጣቱ ከብዶኛል። ድርቅ ሲመጣ ድሃው የሚበላው እሱን ነው። አብዝቶ የበላውን ሰው እግሩን ሽባ የሚያደርገው ኦዳፕ የሚባለው መርዝ ነው። ቢያንስ ቡቃያ የማውጣቱ ሙከራ ይካተትልን።

የቲሹ ካልቸር ባለሙያ፦
ልክ ነዎት፣ ዶክተር። ቡቃያ የማውጣቱ ሙከራ ይግባ፤ ጂን ማስገባቱ ግን ይቆይ።

አዳቃይ፦
እስማማለሁ። ዝርያው ግን ከጅምሩ ገበሬው የሚዘራው ይሁን፤ ነጣ ካለውና ትልቅ ፍሬ ካለው ሽምብራ፣ ከካቡሊ፣ አረርቲ፤ ጠቆር ካለውና ትንሽ ፍሬ ካለው፣ ከደሲ፣ ናቶሊ። በባዕድ ዝርያ ጀምረን ኋላ እናዳቅለዋለን ካልን ዓመታት ይበላናል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ትል የሚቋቋም ካውፒ የተባለ ጥራጥሬ ለገበሬው የፈቀደችው ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ነው። እኛም በሦስት ዓመት ማሳ ላይ እናደርሳለን ብለን አንጻፍ። ለጋሹ ያምነን ይሆናል፣ ገበሬው ግን ይጠብቀናል።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አስተካክላለሁ፦ ሽምብራ ዋናው፣ ጓያ በቡቃያ ሙከራ ብቻ፣ ምስርና ባቄላ ይወጣሉ። ግባችን ከውጭ በተለየ የሙከራ ግሪንሃውስ፣ በዝግ ቤት ያደገ፣ ጂኑን ለልጆቹ ያስተላለፈ ተክል ነው። በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ 655/2001 እና በማሻሻያው 896/2007 መሠረት ለዝግ ቤቱ የሚያስፈልገውን ሰነድ እኔ አዘጋጃለሁ። የግራፍቲንጉን ዕቃ ዝርዝር እስከ ዓርብ ላኩልኝ።