የዕቅድ ውይይት፦ ሠዓሊው ሲሠራ እንይ

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ውድ አባላት። ስለ ሠዓሊዎችና ስለ አሠራራቸው የተሠሩ ፊልሞችን አብረን እያየን ዘመናዊ ሥነ ጥበብን እንማር ባልነው መሠረት ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። ለሥራ አስፈጻሚው ከማስገባታችን በፊት ጨምሩበት፣ ቀንሱለት። አራት ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በማኅበራችን አዳራሽ። አንድ ነገር ግን አደራ። ሠዓሊው ማንን አገባ፣ ስንቴ ሰከረ የሚሉትን ፊልሞች እንተዋቸው። እጁ ሲሠራ የሚያሳየንን እንምረጥ። ሰው «ይሄማ ልጄም ይሥለዋል» የሚለው ያለቀውን ሥዕል ብቻ ስለሚያይ ነው። ለመክፈቻ አንሪ-ዦርዥ ክሉዞ ስለ ሠዓሊው ፒካሶ የሠራውን የ1956 (እ.ኤ.አ.) ፊልም አስቤያለሁ።

የሥዕል መምህሩ፦
ምርጫው ጥሩ ነው፤ ግን አንድ እርማት አለኝ። በዚያ ፊልም ብዙውን ጊዜ እጁ አይታይም። ፒካሶ ቀለም በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ሲሥል ካሜራው ከወረቀቱ ጀርባ ሆኖ ይቀርጻል። ስለዚህ መስመሩ ብቻውን ሲበቅል ነው የምናየው። በአበባ ይጀምራል፣ አበባው ዓሣ ይሆናል፣ ዓሣው ደግሞ ዶሮ። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ትልቅ የባሕር ዳርቻ ሥዕል አለ። ይቀባል፣ ያጠፋል፣ መልሶ ይቀባል። እንደተበላሸበት ራሱ ይናገራል። በኋላ ሌላ ሸራ አምጥቶ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። የኔ ተማሪዎች ላጲስ ሲያነሡ እንኳ በክንዳቸው ይሸፍኑታል፤ እንዳላይባቸው። ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል። «እጁ ሲሠራ» ከሚለው ቀጥሎ «ሐሳቡን ሲቀይር» የሚል ይግባልኝ። ፊልሙንም ሁለት ቦታ ላይ አቁመን ቀጥሎ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል ብለን እንጠይቅ።

ተማሪዋ፦
የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጃክሰን ፖሎክ ፊልምም ይጨመር፣ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ፎቶ አንሺው ሃንስ ናሙት በ1950 (እ.ኤ.አ.) ሲቀርጸው መስታወት ላይ አሠርቶት ካሜራውን ከሥር አደረገ። ቀለሙ ወደኛ ሲንጠባጠብ ነው የሚታየው። ከፒካሶው ጋር በአንድ ቀን ይሄዳል።

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ያደገችው አባል፦
እኔ ስለ ቀራጺው ኤል አናትሱዪ የተሠራውን ፊልም እለምናለሁ። ሱዛን ቮግል በ2011 (እ.ኤ.አ.) የሠራችው ነው። አናትሱዪ ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ፣ ንሱካ ውስጥ የሠራ ነው። ረዳቶቹ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ይጠፈጥፋሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይበሳሉ፣ በመዳብ ሽቦ ያያይዛሉ። ቁራጮቹ መሬት ላይ ተዘርግተው ይገጣጠማሉ። ሲሰቀል እንደ ጋቢ ይታጠፋል። አባቴ የዓሣ መረቡን በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ቋጠሮ በቋጠሮ ሲጠግን እያየሁ ነው ያደግሁት። ፊልሙን ሳይ ያንን እግር አየሁ። ከፊልሙ በኋላ ቆርኪ ሰብስበን እኛም እንሞክር፤ መረብ ጠጋኞችንም እንጋብዝ። ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ አናገኝም።

የብረት ሠራተኛው፦
እህቴ፣ ቆርኪ አይሆንም። ጠንካራ ነው፣ ጠርዙም ልጆቹን ይቆርጣቸዋል። እሱ የሚሠራበት የሚጠመዘዘው የአሉሚኒየም ክዳን ነው፤ በእጅ ይታጠፋል፣ በሚስማር ይበሳል። ፒያሳ አካባቢ ካሉ ግሮሰሪዎች እኔ አስቀምጡልኝ እላለሁ። ጓንት ግን ይመደብ።

አንጋፋው አባል፦
ልጆቼ፣ የራሳችን ሰው የት ሄደ? ገብረ ክርስቶስ ደስታን ግጥሙን በቃላችን እንወጣዋለን። ሥዕሉ ሲነሣ ዝም እንላለን። ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ያሳየው ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ያልተዋጠላቸው ብዙ ነበሩ። ይህ ሳይነገር አራቱ ቅዳሜ አይለቅ።

አስተባባሪዋ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ የኛ ይሁን። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ስትሠራ የተቀረጸ አጭር ፊልም አለ። ሥላ ሥሩን በሚያሳይ ቀለም ትሸፍነዋለች፣ ታለሰልሰዋለች፣ በላዩ እንደገና ትሥላለች። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለኒውዮርክ ሕንፃ የጨረሰችው ሥዕል 24 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከዚያ በፊት እርስዎ ስለ ገብረ ክርስቶስ ግማሽ ሰዓት ይንገሩን።

ገንዘብ ያዡ፦
ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ከኢንተርኔት አውርዶ ማሳየት አይሆንም፤ ለእያንዳንዱ ፊልም ፈቃድ እንጠይቅ። ደብዳቤው ዛሬ ቢወጣ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ባለፈው መብራት ሄዶ ሰው ግማሹን ሳያይ ተበትኗል፤ የጄኔሬተር ቤንዚን ከአሁኑ ይያዝ። ሦስተኛ፣ 9 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በመስኮቱ ትገባለች፣ ምስሉ አይታይም። ወደ ምሽት እንግፋው?

ተማሪዋ፦
ማታ ባጃጅ ይጠፋል። እኔ ከታቦር ተራራ ማዶ ነኝ።

አስተባባሪዋ፦
እንግዲያው 9 ሰዓት ይጽና፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ እንሸፍን። አራተኛው ቅዳሜ የአናትሱዪ ይሁን፤ ከመረብ ጠጋኞቹና ከክዳኑ ሥራ ጋር። ሁለተኛው ገና ክፍት ነው፤ ሐሳብ ያላችሁ እስከ እሑድ ጻፉ። የእንግሊዝኛውን ንግግር ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰውም እፈልጋለሁ። መስኮቶቹን ማን ይለካልኛል?

የብረት ሠራተኛው፦
እኔ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሜትር ይዤ እመጣለሁ። ቁልፉን ጥበቃው ጋ ተዉልኝ።