በጾም ቀን ስንት ጊዜ ልብላ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ክብደት ለመቀነስ እየታገልኩ ነው፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አልል አለኝ። ጾም ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። ከዚያ እንጀራ በሽሮና በምስር እበላለሁ፤ ማታ ደግሞ ዳቦ በሻይ። በቀን ሁለቴ ብቻ እየበላሁ እንዴት አልቀንስም?

ጓደኛዬ የዘይቱ ጉዳይ ነው ትላለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው። እናቴ ደግሞ ሽሮ ስትሠራ ዘይቱ ከላይ ካልታየ ወጥ የሆነ አይመስላትም። ዘይት ቀንሺ ብላት ቅር እንዳይላት እፈራለሁ። ከአንድ ትሪ አብረን እየበላንስ የራሴን ድርሻ እንዴት ልለካ?

የጂም አሠልጣኜ "ትንሽ ትንሽ እያልሽ 6 ጊዜ ብዪ" ይለኛል። ያነበብኩት ግን ወሳኙ የቀኑ ጠቅላላ ካሎሪ ነው፣ የገበታው ብዛት አይደለም ይላል። ደግሞስ በጾም 6 ጊዜ ከየት ይመጣል?

1500 ካሎሪ አካባቢ ልሁን ብያለሁ። ለሁለት ገበታ ብከፍለው ያስኬዳል? ፕሮቲኑንስ ያለ ሥጋና ወተት በምን ልሙላው? እንጀራ ቤታችሁ የምትለኩ ካላችሁ፣ በግራም ነው ወይስ በግማሽ እየቆረጣችሁ? እባካችሁ ዘዴያችሁን ንገሩኝ።